ጆን ሮቢንሰን (አብራሪ)

ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን «ቡናማው ኮንዶር» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁ፣ በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመሩ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነበሩ።

ያደጉት በሚሲሲፒ ግዛት በጋልፍፖርት ከተማ ነው። በተስኪጊ የመኪና ጥገና ከተማሩ በኋላ ወደ ቺካጎ ሄዱ። በዚያ የነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁሮችን ስለማይቀበል በጽዳት ሠራተኛነት ገብተው ትምህርቱን በጆሮ ይከታተሉ ነበር፤ በኋላም በተማሪነት ተቀብሏቸው ተመረቁ።

በ1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገቡ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ዓድዋን በቦምብ ሲደበድብ በስፍራው ነበሩ። የአየር ኃይሉ ጥቂት አውሮፕላኖች ለአየር ውጊያ የማይበቁ ስለነበሩ፣ ዋና ሥራቸው ከአቃቂ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ በአዲስ አበባና በጦር ግንባር መካከል መልእክት፣ ሰውና ስንቅ ማመላለስ ሆነ። በበረራ ላይ ሳሉም በጠላት ተዋጊ አውሮፕላኖች ይሳደዱ ነበር። አዲስ አበባ ከመያዟ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የአቃቂ ማረፊያ ራሱ ከአየር ተደበደበ። ሮቢንሰን በዚያው በ1928 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተመለሱ።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ ተመልሰው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠኑ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በደረሰባቸው የአውሮፕላን አደጋ ቆስለው መጋቢት 18 ቀን በአዲስ አበባ አረፉ።