አዛንን የመለሱት ጠቅላይ ሚኒስትር፦ የአድናን ሜንደሬስ ሕይወትና ፍጻሜ

ቱርክ ውስጥ 18 ዓመት ሙሉ ከሚናራ ላይ በዐረብኛ አዛን ማለት አይቻልም ነበር። ከ1932 ጀምሮ ሙአዚኖች አዛኑን በቱርክኛ ትርጉም እንዲያሰሙ ታዘዙ፤ የአላህ ስም እንኳ ታንሪ በሚል ቃል ተተካ። በ1941 ደግሞ ትእዛዙ ወደ ሕግ ተለውጦ በዐረብኛ አዛን ያለ ሰው እስከ 3 ወር እንዲታሰር ተደነገገ። ይህ ክልከላ የተሻረው ጁን 16 ቀን 1950፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ በረመዷን ዋዜማ ነው። የሻረው ምክር ቤት ከተመረጠ ገና አንድ ወሩ ነበር። የመንግሥቱ መሪ ደግሞ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አድናን ሜንደሬስ ነበሩ።

ብዙዎቻችን ሜንደሬስን የምናውቃቸው በሁለት ነገር ነው፤ አዛኑን በመመለሳቸውና በስቅላት በመሞታቸው። በሁለቱ መካከል ያሉት አሥር ዓመታት ግን ብዙ ጊዜ ተዘለው ይታለፋሉ። እኛ ዛሬ በተለይ በእነዚያ ዓመታት ላይ ቆም ማለት ፈልገናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜንደሬስ በ1899 በምዕራብ አናቶሊያ፣ በአይዲን ተወለዱ። ቤተሰባቸው ሰፊ መሬት የነበረው ሲሆን እናትና አባታቸውን በልጅነታቸው በማጣታቸው ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። ኢዝሚር ውስጥ በአሜሪካውያን ኮሌጅ ተምረዋል። የግሪክ ጦር አካባቢያቸውን በያዘበት ወቅት በተደረገው ተጋድሎ ተሳትፈው የነጻነት ሜዳይ ተሸልመዋል። በግል ሕይወታቸው በዲን አጥባቂነት የሚታወቁ ሰው አልነበሩም። ይህን የምንጠቅሰው ለነቀፋ አይደለም፤ በኋላ የሠሩትን ሥራ የሠሩት እንደ ዓሊም ወይም እንደ ሸይኽ ሳይሆን እንደ ፖለቲከኛ መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል ነው።

ሪፐብሊኩ በ1923 ሲመሠረት የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢስመት ኢኖኑ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ለ27 ዓመታት ጠቅላይ ሚኒስትር ሲቀያየር ሁሉም የሚመጡት ከአንድ ፓርቲ፣ ከሕዝባዊ ሪፐብሊካን ፓርቲ ነበር። ሰውየው ይለወጣል እንጂ መንግሥቱ አይለወጥም። በ1924 ኺላፋው ተሰረዘ፣ በ1925 የሱፊ ተክያዎች ተዘጉ፣ በ1928 የዐረብኛው ፊደል በላቲን ተተካ። ሕዝቡ ስለ አንዱም አልተጠየቀም።

በ1930 አታቱርክ ራሳቸው ፈቅደው አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ እንዲቋቋም አደረጉ። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ሲተምበት ግን ሦስት ወር ያህል ብቻ ቆይቶ በዚያው ዓመት ፈረሰ። የዚያ ፓርቲ የአይዲን ቅርንጫፍ መሪ ወጣቱ ሜንደሬስ ነበሩ። አታቱርክ በቀጣዩ ዓመት አይዲንን ሲጎበኙ ካነጋገሯቸው በኋላ ወደውአቸው በገዢው ፓርቲ ስም ምክር ቤት አስገቧቸው። ሜንደሬስ እዚያ ሆነው በአንካራ ሕግ ተማሩ፤ ለ14 ዓመታትም ብዙ ድምፅ ሳያሰሙ ተቀመጡ።

ድምፃቸው የተሰማው በ1945 ነው። መንግሥት የመሬት ክፍፍል ሕግ ይዞ ሲቀርብ ሜንደሬስ አጥብቀው ተቃወሙ። ራሳቸው ባለ ርስት መሆናቸውን መርሳት አይገባም። ግን ክርክሩ ከመሬት አልፎ ወደ ሥርዓቱ ዞረ። ከጀላል ባያር፣ ከታሪክ ምሁሩ ፉአድ ኮፕሩሉና ከረፊቅ ኮራልታን ጋር ሆነው ፓርቲያቸው ዴሞክራሲን እንዲፈቅድ የሚጠይቅ ጽሑፍ አስገቡ። ጥያቄው ውድቅ ሆነ፤ ሜንደሬስና ኮፕሩሉም ተባረሩ። ጃንዋሪ 7 ቀን 1946 አራቱ ሰዎች ዴሞክራት ፓርቲን መሠረቱ።

የዚያው ዓመት ምርጫ የተካሄደበት መንገድ አስገራሚ ነው፤ መራጩ ድምፁን በግልጽ ይሰጣል፣ ቆጠራው ግን በምስጢር ነው። ውጤቱ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። አራት ዓመት ቆይቶ ሕጉ ተገለበጠ፤ ድምፁ በምስጢር፣ ቆጠራው በግልጽ፣ ዳኞች በተቆጣጠሩት ሁኔታ ሆነ። ሜይ 14 ቀን 1950 ዴሞክራቶቹ ከ487 የምክር ቤት መቀመጫዎች ከ400 በላይ አገኙ። ኢኖኑ ሥልጣናቸውን በሰላም አስረከቡ፤ ይህን ለእርሳቸው መመስከር ፍትሕ ነው። ባያር ፕሬዚዳንት፣ ሜንደሬስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

የአዛኑ ጉዳይ የመጀመሪያ ሥራቸው መሆኑ ያጋጣሚ አይደለም። በየገጠሩ ሲዞሩ የሰሙት ብሶት ነበርና። ምክር ቤቱ ሲወስን የኢኖኑ ፓርቲ እንደራሴዎችም አልተቃወሙም። ሕጉ ቱርክኛውን አዛን አልከለከለም፤ በዐረብኛ አዛን ማለትን ከወንጀል መዝገብ አወጣ እንጂ። ምርጫው ለሙአዚኖቹ ሲተውላቸው ምን እንደመረጡ ይታወቃል። ዛሬም ድረስ ከኢስታንቡል ሚናራዎች የሚሰማው እርሱ ነው። በዚያው ወቅት ቁርኣን በሬዲዮ መቀራት ጀመረ፤ በ1951 ደግሞ የኢማም ኸጢብ ትምህርት ቤቶች በ7 ከተሞች ተከፈቱ። እርግጥ ነው፣ በሩን በጠባቡ የከፈቱት የመጨረሻው የአንድ ፓርቲ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር ሸምሰዲን ጉናልታይ ናቸው። የአንካራው የኢስላም ጥናት ፋኩልቲ የተከፈተው በ1949፣ በእርሳቸው ጊዜ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጥጋብ ዓመታት ነበሩ። ዝናብ ጥሩ ዘነበ፣ የስንዴ ዋጋ ወጣ፣ የአሜሪካ እርዳታ ገባ። በ1948 ቱርክ ውስጥ 2 ሺህ የማይሞሉ ትራክተሮች ነበሩ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከ40 ሺህ በላይ ሆኑ። ከተማና ገጠርን የሚያገናኙ መንገዶች ተዘረጉ። ገበሬው ምርቱን ገበያ ማድረስ ቻለ፤ በመንግሥት ቢሮም እንደ ሰው መቆጠር ጀመረ። በውጭ ፖሊሲ ሜንደሬስ ከምዕራቡ ጋር ቆሙ። ወደ ኮሪያ ጦር ላኩ፤ የእኛው ቃኘው ሻለቃም በዚያው ጦርነት እንደተዋጋ አንባቢ ያስታውሳል። በ1952 ቱርክ ኔቶን ተቀላቀለች። የዚህ አቋም ዋጋ ግን ለሙስሊሙ ዓለም መራራ ነበር፤ አልጄሪያውያን ለነጻነታቸው ሲዋደቁ የሜንደሬስ መንግሥት በተባበሩት መንግሥታት ድምፁን ነፈጋቸው።

በ1954 ምርጫ ፓርቲያቸው ከ541 መቀመጫ ከ500 በላይ ወሰደ። ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለናል። ይህን ያህል ድምፅ ያገኘ ሰው የቀረውን ድምፅ መስማት ይከብደዋል። ክርሼሂር የምትባል ክፍለ ሀገር የተቃዋሚ መሪ መርጣ ስለላከች ከክፍለ ሀገርነት ወደ ወረዳ ዝቅ ተደረገች። ዕድሜያቸው ወደ 80 የተጠጋ ጋዜጠኛ ሁሴን ጃሂድ ያልቺን በጻፉት ምክንያት ታሰሩ። በገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ ባለሥልጣንን በሙስና ከከሰሰ ማስረጃውን በፍርድ ቤት ለማቅረብ ይፈቀድለት ያሉ እንደራሴዎች ከፓርቲው ወጥተው የራሳቸውን መሠረቱ።

ሴፕቴምበር 6 እና 7 ቀን 1955 ደግሞ ኢስታንቡል ውስጥ ክፉ ነገር ሆነ። በቆጵሮስ ጉዳይ የተቀሰቀሰ ሕዝብ የግሪኮችን፣ የአርመኖችንና የአይሁዶችን ሱቆች፣ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ዘረፈ፣ አቃጠለ። ሰዎች ሞቱ። መንግሥት በሥሩ የነበሩትን ሰዎች ሕይወትና ንብረት መጠበቅ አልቻለም፤ በነገሩ ውስጥ እጁ እንደነበረበትም በኋላ በፍርድ ቤት ተከሷል። በዲናችን በጥበቃ ሥር ያለ ጎረቤት ሐቅ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም። የሜንደሬስን ውለታ የምናስታውስ ሁሉ እነዚያን ሁለት ሌሊቶች መዝለል የለብንም።

ከዚያ ወዲህ ኢኮኖሚውም ከዳቸው። ዕዳው ተከመረ፣ ቡና ከገበያ ጠፋ፣ በ1958 አንድ ዶላር ከ2 ሊራ ከ80 ወደ 9 ሊራ ወጣ። በ1957 ምርጫ የፓርቲያቸው ድምፅ ከግማሽ በታች ቢወርድም የምርጫ ሥርዓቱ ብልጫውን መቀመጫ ሰጣቸው። ገጠሩ ግን ገና አልተዋቸውም። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1959 ስለ ቆጵሮስ ስምምነት ለመፈረም ወደ ለንደን ሲጓዙ አውሮፕላናቸው ጋትዊክ አጠገብ ጫካ ውስጥ ተከሰከሰ። ከተሳፈሩት 24 ሰዎች 14ቱ ሞቱ፤ ሜንደሬስ ግን ቀላል ጉዳት ብቻ ደርሶባቸው ተረፉ። ስምምነቱን የፈረሙት ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሕዝቡ በየመንገዱ በግ እያረደ ተቀበላቸው። አላህ ለአንድ ጉዳይ አተረፋቸው ብሎ ያመነው ሰው ብዙ ነበር፤ እርሳቸውም ያንን ሳያምኑ አልቀሩም።

በኤፕሪል 1960 ከራሳቸው ፓርቲ ብቻ የተውጣጡ 15 እንደራሴዎች ያሉበት ኮሚሽን ተቋቋመ። ሥራው ተቃዋሚውን ፓርቲና ጋዜጦችን መመርመር ነበር፤ ጋዜጣ የመዝጋትና ሰው የማሰር ሥልጣንም ተሰጠው። በ1945 ፓርቲያቸውን ነጻነት የጠየቁት ሰው ከ15 ዓመት በኋላ ለሌሎች የሠሩት ይህን ነው። ተማሪዎች በኢስታንቡል አደባባይ ወጡ፤ ኤፕሪል 28 ቀን አንድ ተማሪ በጥይት ተገደለ። ወታደራዊ አስተዳደር ታወጀ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሜይ 27 ንጋት ላይ፣ 38 መኮንኖች ያሉበት ኮሚቴ ሥልጣን መያዙ በሬዲዮ ተነገረ። ሜንደሬስ ኩታህያ አጠገብ ተያዙ።

መኮንኖቹ ኮሚሽኑን በመሰረዝ አላበቁም። ከሁለት ወር በፊት ኡርፋ ውስጥ ያረፉትን የዓሊሙን የሰዒድ ኑርሲን መቃብር ሳይቀር በሌሊት አስቆፍረው አስከሬኑን ወዳልታወቀ ስፍራ ወሰዱት። የቀድሞውን መንግሥት ሰዎች ደግሞ በማርማራ ባሕር ላይ ባለችው ያሲአዳ ደሴት አጎሯቸው። ችሎቱ ኦክቶበር 14 ቀን 1960 ተጀመረ፤ ተከሳሾቹ 592 ነበሩ። ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ፍርድ ቤት ነው፣ ይግባኝ የለውም። ውሎው በየምሽቱ በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ክሶቹ ግማሾቹ ከባድ ናቸው፤ የ1955ቱ ዘረፋና የኮሚሽኑ ጉዳይ በትክክለኛ ችሎት ቢጠየቁ ኖሮ ተገቢ ነበር። ግማሾቹ ግን ሰው ለማዋረድ የቀረቡ ነበሩ። አንዱ ክስ የአፍጋኒስታን ንጉሥ ለፕሬዚዳንት ባያር በስጦታ ስለሰጧቸው ውሻ ነው። ሌላው በሜንደሬስ የግል ሕይወት ገመና ላይ የቆመ ሲሆን በእርሱ ነጻ ወጥተዋል።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1961 በ15 ሰዎች ላይ የሞት ፍርድ ተሰጠ። ኮሚቴው የሦስቱን አጸደቀ፤ የባያር በዕድሜያቸው ምክንያት ወደ እድሜ ልክ ተቀየረ። የውጭ አገር መሪዎች ምሕረት ለመኑ። የሜንደሬስ ዋነኛ ባላንጣ የነበሩት ኢኖኑ እንኳ እንዳይገደሉ ጠይቀው ጻፉ። አልተሰሙም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፋቲን ሩሽቱ ዞርሉና የገንዘብ ሚኒስትሩ ሐሰን ፖላትካን በማግስቱ በኢምራሊ ደሴት ተሰቀሉ። ሜንደሬስ ብዙ የእንቅልፍ ክኒን ወስደው ራሳቸውን ስተው ስለነበር ሐኪሞች አነቋቸው፤ ለመሰቀል ብቁ ናቸው ተብሎም ሴፕቴምበር 17 ቀን በ62 ዓመታቸው ተሰቀሉ። አላህ ይዘንላቸው። የታመመን ሰው አድኖ መስቀል ምን ዓይነት ፍትሕ እንደሆነ እስካሁን ያስረዳ የለም።

ከአንድ ወር በኋላ ምርጫ ተደረገ። ኢኖኑ በጥምር መንግሥት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተመለሱ፤ ነገር ግን የታገደውን ፓርቲ ድምፅ የወረሰው አዲሱ የፍትሕ ፓርቲ በጥቂት ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። በ1965 ደግሞ አሸነፈ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሱለይማን ዴሚሬል በሜንደሬስ ዘመን የውኃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩ መሐንዲስ ናቸው። አዛኑን ግን መኮንኖቹም ሆኑ ከእነርሱ በኋላ የመጡ መንግሥታት ወደ ቱርክኛ አልመለሱትም።

ቤተሰባቸው መከራው አላበቃለትም። የመጀመሪያው ልጃቸው በ1972 ራሱን አጠፋ፣ ሁለተኛው በ1978 በመኪና አደጋ ሞተ፣ ሦስተኛው በ1996 በሌላ የመኪና አደጋ ሽባ ሆነ። የሟቹ ስም በመንግሥት ደረጃ የታደሰው በ1990 ነው። የሦስቱ ሰዎች አጽም ከኢምራሊ ወጥቶ በፕሬዚዳንት ቱርጉት ኦዛል ዘመን፣ ልክ ሜንደሬስ በተሰቀሉበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 17፣ ኢስታንቡል ውስጥ በክብር አረፈ። በ2020 የቱርክ ምክር ቤት የያሲአዳን ፍርዶች ሻረ። ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ራሱ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2018፣ ሥልጣኑ ወደ ፕሬዚዳንቱ ሲጠቃለል ከቱርክ ጠፍቷል።

መቃብራቸውን መጎብኘት የሚፈልግ ቶፕካፒ አካባቢ፣ ከጥንቱ የከተማ ቅጥር አጠገብ ያገኘዋል። ከፊቱ የሚያልፈው ሰፊ ጎዳና ሜንደሬስ በ1950ዎቹ ሰፈሮችን አስፈርሰው ያስከፈቱት ነው፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ኦዛልም በ1993 ሲሞቱ የተቀበሩት እዚያው አጠገባቸው ነው።