ሁለቱ ፖሊሶች እና አንዱ መሥራች፤ የሰር ሮበርት ፒል ሕይወት

በሀገራችን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው የሰነዘረውን ዱላ ይመልስ፣ የጀመረውን መንገድ ይገታ ነበር። የሚያስቆመው የጠሪው ክንድ አልነበረም፤ ሕጉ የጠሪውም የተጠሪውም ነው የሚለው የጋራ እምነት ነበር። ይህ እምነት በሌለበት ሥፍራ ሕግ አስከባሪ የቱንም ያህል ቢታጠቅ ይፈራል እንጂ አይከበርም።

ይህን እውነት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በዓለም ዘንድ የዘመናዊ ፖሊስ አባት እየተባሉ የሚጠሩት የእንግሊዛዊው የሰር ሮበርት ፒል ሕይወት ነው። ሰውየው መሠረት የጣሉት ለአንድ ፖሊስ ብቻ አይደለም። በአየርላንድ ጠብመንጃ አንግቦ የሚዘምት፣ በለንደን ደግሞ ቆመጥ ብቻ ይዞ በእግሩ የሚዞር፣ ሁለት የተለያየ ፖሊስ ከእጃቸው ወጥቷል። የሁለቱ ዕጣ ግን እንደ ሰማይና ምድር ተራርቋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ፒል ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1788 በሰሜን እንግሊዝ፣ በላንካሻየር ግዛት በምትገኘው በሪ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በጥጥ ፈትልና በጨርቅ ሕትመት የበለጸጉ ባለፋብሪካና የፓርላማ አባል ነበሩ። ልጃቸውን በታወቀው የሃሮው ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ወጣቱ ፒል በጥንታዊ ቋንቋዎችም በሒሳብም ከፍተኛውን ማዕረግ አግኝተው ተመረቁ። በ1809፣ ገና በ21 ዓመታቸው፣ ካሸል የተባለች የአየርላንድ ከተማ እንደራሴ ሆነው ፓርላማ ገቡ። መራጮቿ በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ወንበሩን ያስገኘላቸው የአባታቸው ሀብት እንጂ የሕዝቡ ትውውቅ አልነበረም። በአየርላንድ ስም የጀመሩት የፖለቲካ ሕይወት እስከ መጨረሻው ከአየርላንድ ጉዳይ አልተላቀቀም።

በ1812፣ በ24 ዓመታቸው፣ የአየርላንድ አስተዳደር ዋና ጸሐፊ ሆነው ወደ ደብሊን ተላኩ። አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር በአንድ ፓርላማ ሥር ከተጠቃለለች ገና 11 ዓመቷ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ካቶሊክ ነው፤ ብዙው ገበሬ የሚናገረውም የራሱን የአየርላንድ ቋንቋ ነው። መሬቱ፣ የዳኝነት ወንበሩና የመንግሥት ሹመቱ ግን በአመዛኙ በጥቂት ፕሮቴስታንቶች እጅ ነበር። ካቶሊክ የሆነ ሰው በፓርላማ መቀመጥ አይችልም። ካቶሊኩ ጭሰኛ ደግሞ ከላቡ ፍሬ ለራሱ ላልሆነው ለፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አሥራት ይከፍላል።

ቅሬታው አቤት የሚባልበት በር ስላላገኘ ወደ ሌሊት ወረደ። በኅቡዕ የተደራጁ ገበሬዎች የባለመሬቶችንና የአሥራት ሰብሳቢዎችን ቤት ያጠቁ፣ ጭሰኛ ተባርሮ በተለቀቀ መሬት ላይ የገባውን ሰው ያስፈራሩ ነበር። ምስክር የሚሆን አይገኝም፤ የአካባቢው ጥበቃም ደካማ ነበር።

ፒል ለዚህ ያመጡት መፍትሔ በ1814 የወጣው የሰላም ማስጠበቂያ ሕግ ነው። አንድ ወረዳ ሰላሙ የደፈረሰ ነው ተብሎ ሲታወጅ ከደብሊን አንድ ዋና ዳኛ ይላካል፤ ከእርሱም ጋር የታጠቁ ኮንስታብሎች ይዘምታሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በጦርነት የቆዩ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ኃይሉ መጀመሪያ የተሰማራው በዚያው ዓመት በቲፐራሪ ግዛት ነው። ወጪውን የሚከፍለው ደግሞ የታወጀበት ወረዳ ነዋሪ ነበር። ስለዚህ በሌሊት የወጣውም፣ በቤቱ የተኛውም ገበሬ እኩል ዕዳ ተጣለበት። የሀሳቡ ስሌት ሕዝቡ ዕዳውን ፈርቶ ጥፋተኛውን ያጋልጣል የሚል ነበር። ነገር ግን ያልበደለን ከበደለ ጋር አንድ ላይ የሚቀጣ ሕግ ሁለቱን በአንድ ወገን ያሰልፋል። ገበሬው ያን ኃይል የእኔ ጠባቂ ብሎ ሊቀበለው አልቻለም፤ ለፍረጃ ያህል በመሥራቹ ስም ፒለር እያለ ጠራው።

በእነዚያ ዓመታት ፒል ለካቶሊኮች እኩል መብት መሰጠቱን በጽኑ ይቃወሙ ነበር። በዚህም የካቶሊኮች መሪ ከነበሩት ከጠበቃው ዳንኤል ኦኮኔል ጋር ጠባቸው ከረረ። ኦኮኔል የፕሮቴስታንት አክራሪዎች ምልክት የሆነውን ብርቱካናማ ቀለም ከስማቸው ጋር አጣምረው የብርቱካን ልጣጭ የሚል ቅጽል አወጡላቸው። በ1815 ሁለቱ በሽጉጥ ሊጋጠሙ ተቀጣጥረው ነበር። ሆኖም ኦኮኔል በጉዞ ላይ ለንደን ውስጥ ተይዘው ፍልሚያው ሳይደረግ ቀረ።

ፒል በ1818 አየርላንድን ለቀቁ፤ በ1822 የብሪታንያ የሀገር ግዛት ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት የታጠቀው ኮንስታብል በሕግ በመላው አየርላንድ ተዘረጋ። ውጤቱ ከታየባቸው ቀናት አንዱ ዲሴምበር 14 ቀን 1831 ነው። በኪልኬኒ ግዛት፣ ካሪክሾክ በተባለ ሥፍራ፣ የአሥራት መጥሪያ የሚያድለውን ሰው አጅበው የሄዱ ፖሊሶች በጠባብ መንገድ ላይ ድንጋይና መንሽ በያዙ ገበሬዎች ተከበቡ። ከ10 በላይ ፖሊሶች ከነመሣሪያቸው ወደቁ፤ ከገበሬዎቹም ሦስት ሞቱ። በኋላ ተከሰው የቀረቡት ሰዎች ሳይፈረድባቸው ቀሩ። ፖሊሱ ጠብመንጃ አላነሰውም ነበር፤ ያነሰው ከጎኑ የሚቆም መንደርተኛ ነበር።

ወደ ለንደን ስንሻገር ሌላ ታሪክ እናገኛለን። ከተማዋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባት ነበር። ከገጠር የፈለሱ ጭሰኞች፣ ከአየርላንድ የመጡ ካቶሊክ የቀን ሠራተኞች፣ አይሁዳውያን ነጋዴዎች፣ ከየባሕሩ የመጡ መርከበኞች ተቀላቅለው ኖረውባታል። የሚጠብቋት ግን በየአጥቢያው የሚቀጠሩ የሌሊት ዘበኞችና ጥቂት ኮንስታብሎች ነበሩ። ሕጉ በበኩሉ ከ200 በላይ ጥፋቶችን በሞት ይቀጣ ስለነበር ፒል ብዙዎቹን የሞት ቅጣቶች እያስነሱ ሕጉን አሻሻሉ። ሁከት ሲነሣ የሚጠራው ጦር ሠራዊት ነው። የጦር ሠራዊት ሕዝብ ሲበትን ምን እንደሚሆን ደግሞ በ1819 በማንቸስተር ታይቶ ነበር። የመምረጥ መብት የጠየቀ ሰላማዊ ሰልፍ በፈረሰኛ ተረግጦ ከ10 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ቢሆንም እንግሊዛውያን ፖሊስ የሚለውን ስም ራሱን ይጠሉት ነበር። በፈረንሳይ እንደሚታየው የመንግሥት ሰላይና የነፃነት ጠላት ይሆንብናል ብለው ሰጉ። በ1822 ፒል ያቀረቡትን ሀሳብ የፓርላማው ኮሚቴ ሳይቀበለው ቀረ። እርሳቸውም ሰባት ዓመት ጠበቁ።

1829 በሕይወታቸው ትልቁ ዓመት ሆነ። ባለፈው ዓመት ኦኮኔል ካቶሊክ ሆነው ሳለ በክሌር ግዛት ተመርጠው ነበር። ፒል በሩ ተዘግቶ ከቆየ የእርስ በእርስ ጦርነት እንደሚመጣ አዩ። ዕድሜ ልካቸውን የተቃወሙትን መብት ራሳቸው ለፓርላማ አቀረቡ፤ ሕጉም በኤፕሪል ጸደቀ። በዚህ ምክንያት የኦክስፎርድ ወንበራቸውን አጡ፣ ወዳጆቻቸውም ከሐዲ አሏቸው። ያም ሆኖ መብቱ እንከን አልባ አልነበረም። በዚያው ሰሞን የወጣ ሌላ ሕግ የአየርላንድን አነስተኛ ገበሬዎች ከመራጭነት ሰረዛቸው።

በዚያው ኤፕሪል ወር የለንደንን ፖሊስ ረቂቅ አቀረቡ፤ በጁን ሕግ ሆነ። ለመሪነት ሁለት ኮሚሽነሮች ሾሙ፤ አንዱ በዋተርሎ የተዋጉት ኮሎኔል ቻርልስ ሮዋን፣ ሌላው ወጣቱ የሕግ ሰው ሪቻርድ ሜይን ናቸው። ሁለቱም የአየርላንድ ተወላጆች ነበሩ። የወታደሩ ሥርዓትና የጠበቃው ጥንቃቄ በአንድ ቢሮ ተጣመሩ።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1829 ምሽት አዲሶቹ ኮንስታብሎች ወደ ጎዳና ወጡ። የጦሩ ልብስ ቀይ ስለነበር የእነርሱ ሰማያዊ ሆነ። ራሳቸው ላይ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ፣ በእጃቸው ከኮታቸው ሥር የሚደበቅ ቆመጥና ሲዞር የሚንቋቋ የእንጨት መጥሪያ ነበራቸው። ጠብመንጃ አልያዙም። በኮሌታቸው ላይ የክፍላቸው ፊደልና የግል ቁጥራቸው ተጽፎ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የተበደለ ሰው በዳዩን ለይቶ አቤት እንዲል የሚያስችለው እርሱ ነው። ደመወዛቸው በሳምንት 21 ሽልንግ ነበር። የተሰጣቸው መመሪያ የሥራቸው ዋና ዓላማ ወንጀልን ከመፈጸሙ በፊት መከላከል እንደሆነ፣ ለማንኛውም ሰው ጨዋ መሆን እንዳለባቸው፣ ሲሰደቡም ቁጣቸውን መግታት እንደሚገባቸው ያዛል። ዛሬ በፒል ስም በዓለም የሚታወቁት ዘጠኝ የፖሊስ መርሆዎች በዚያ መልክ የተዘረዘሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን በታሪክ ጸሐፊ ቢሆንም፣ ፍሬ ሀሳባቸው ከዚህ መመሪያ የተቀዳ ነው።

ለንደን በአንድ ሌሊት አልወደደቻቸውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በስካርና በሥርዓት ጉድለት የተባረሩት እጅግ ብዙ ናቸው። በ1833 በአንድ ሰልፍ ላይ አንድ ኮንስታብል ተወግቶ ሲሞት የአስከሬን ምርመራ ሸንጎው ግድያው ተገቢ ነበር ብሎ ፈረደ፤ ሕዝቡም ፈራጆቹን አወደሰ። በዚያው ዓመት አንድ ሳጅን ማንነቱን ደብቆ በፖለቲካ ማኅበር ውስጥ ገብቶ መገኘቱ ሲጋለጥ ከሥራው ተባረረ። ድሆቹ አየርላንዳውያን በሚኖሩባቸው ሰፈሮችም ግጭቱ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ የለንደን ፖሊስ ሲያጠፋ ፓርላማው ይመረምረዋል፣ አለቃው ያባርረዋል። ቀስ በቀስ ጥላቻው ረገበ። ሕዝቡም ፖሊሱን ሮበርት ከሚለው ስም አቆላምጦ ቦቢ አለው።

ፒል በ1834 ለጥቂት ወራት፣ ከ1841 እስከ 1846 ደግሞ ሙሉ ሥልጣን ይዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲበሰብስ በ100 ሺህ ፓውንድ የአሜሪካ በቆሎ በምስጢር አስገዙ። ከውጭ በሚገባ እህል ላይ የተጣለውን ቀረጥ ለማንሣት ወስነው ከራሳቸው ፓርቲ ባለመሬቶች ጋር ተጣሉ። ጁን 25 ቀን 1846 የቀረጡ መሻር በላይኛው ምክር ቤት ጸደቀ። በዚያችው ሌሊት ግን በረሃብ ለተያዘችው አየርላንድ ያቀረቡት ሌላ የጸጥታ ማስከበሪያ ረቂቅ በታችኛው ምክር ቤት ወደቀ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሥልጣን ለቀቁ። በ24 ዓመታቸው የጀመሩበት የአየርላንድ ጸጥታ ጉዳይ ከወንበራቸው አወረዳቸው።

ጁን 29 ቀን 1850 በለንደን ከፈረስ ወድቀው ተጎዱ፤ ጁላይ 2 ቀን በ62 ዓመታቸው አረፉ። የእህሉ ቀረጥ መነሣት ዳቦ ያረከሰለት ድሃ ሕዝብ በሐዘን እንደሸኛቸው ይነገራል።

የተከሉት ዛፍ ግን ከእርሳቸው በኋላም ፍሬውን ሰጠ። የአየርላንድ ፖሊስ በ1836 በአንድ ዕዝ ተጠቃለለ፤ ካቶሊኮችም በብዛት ተቀጠሩበት። በጊዜ ብዛት አብዛኛው ኮንስታብል የገበሬ ልጅ ካቶሊክ ሆነ። ነገር ግን ትጥቁና የካምፕ ኑሮው አልተለወጠም፤ የተወለደበትን ግዛት እንዲጠብቅም አይፈቀድለትም ነበር። ገበሬው ከመሬቱ ሲፈናቀል አፈናቃዩን የሚያጅበው እርሱ ነበር። ከሕዝቡ መወለዱ የሕዝቡ አላደረገውም። የነፃነት ጦርነቱ በ1919 ሲፈነዳ ቀዳሚ ዒላማ የሆነው ይኸው ፖሊስ ነው። እስከ 1921 ድረስ 400 ያህል ባልደረቦቹ ተገደሉ፤ በ1922 ድርጅቱ ፈረሰ።

ነፃ የወጣችው አየርላንድ በዚያው ዓመት የራሷን ፖሊስ ስታቋቁም ጥያቄው እንደገና ቀረበላት። በእርስ በእርስ ጦርነት ውስጥ ሆና ሳለ፣ ተራው ፖሊስ ያለ ጠብመንጃ እንዲሠራ ወሰነች። ይህም ፒል ለአየርላንድ ሳይሆን ለለንደን የሰጡት ፖሊስ ነው። ዛሬም የአየርላንድ ተራ ፖሊስ ጠብመንጃ አይታጠቅም።

ከሰር ሮበርት ፒል ሕይወት የሚቀረው ትምህርት ይኸው ነው። በቋንቋና በሃይማኖት የተለያየ ሕዝብ ሕግ አስከባሪን የሚቀበለው ስለታጠቀ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን ስለሚያይና ሲያጠፋ ስለሚጠየቅ ነው። ፒል ይህን በለንደን አወቁት፤ በአየርላንድ ግን ዘገዩበት። የመዘግየቱን ዋጋ የከፈሉት ግን እርሳቸው ሳይሆኑ በካሪክሾክ ጠባብ መንገድ ላይ የወደቁት ፖሊሶችና ገበሬዎች፣ ከእነርሱም በኋላ የመጣው ትውልድ ናቸው።