ዳግማዊ ምኒልክ፤ ጠመንጃና ጥይት

የ19ኛው ምዕት ዓመት የፈረሰኛ አጭር ጠመንጃ፣ ማለትም ካርቢን፣ የሚሰበስብ ሰው ሰናድር፣ ረሚንግተን፣ ውጅግራና ወጨፎ የሚሉ ስሞችን በአገራችን ይሰማል። ከነገሥታቱ ሁሉ ይበልጥ እነዚህን የባዕድ መሣሪያዎች ያከማቹት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ተማርከው እስከ 1857 ዓ.ም. በእርሳቸው ዘንድ ቆዩ። ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ለማሠራት ብዙ ደከሙ። ሆኖም ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ የእንግሊዝ ጦር ከበስተኋላ በሚጎርሰው ሰናድር ሲተኩስ የፋብሪካ መሣሪያ ብልጫ በግልጽ ታየ።

ስዊሳዊው መሐንዲስ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲገቡ፣ ምኒልክ ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ኢልግ ከውጭ መግዛቱ እንደሚረክስ ቢያስረዱም ሠርተው አቀረቡ። የአንድ ጠመንጃ መሠራት ግን ጦር አያስታጥቅም፤ ስለዚህ ግዢው ቀጠለ። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ሬምቦ ሁለት ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች ሲያመጣ፣ ምኒልክ ዋጋውን አጥብቀው ቀነሱበት።

ከባዱ ችግር ግን ጥይት ነበር። የሰናድር አፈሙዝ 14.7፣ የውጅግራ 11፣ የወጨፎ 10.4 ሚሊሜትር ስለሆነ የአንዱ ቀልሃ ለሌላው አይሆንም። የፈረሰኛው ውጅግራ በርሜሉ ቢያጥርም ጥይቱ የእግረኛው ነው፤ ስለዚህ መሣሪያን የሚያዛምደው ርዝመቱ ሳይሆን ጥይቱ ነው። ጥይት ያጣ ጠመንጃ ደግሞ ከዱላ አይሻልም፤ ጥይቱን የሚልከውም መንግሥት የአገሩን ነጻነት በእጁ እንደያዘ ይቆጠራል።

ኢጣሊያ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ተገን አድርጋ የበላይነት ስትሻ፣ ምኒልክ ይህን አላጡትም። በ1885 ዓ.ም. ሁለት ሚሊዮን የወጨፎ ጥይት ከኢጣሊያ ተረከቡ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ውሉን አፈረሱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የኢጣሊያ ወታደርም የያዘው ያንኑ ወጨፎ ነበር፤ ስለዚህ ከጠላት የተማረከው ጥይት ለኢትዮጵያውያኑ ወጨፎም የሚሆን ነበር።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የዘመኑን ካርቢን የሚያገኝ ሰብሳቢ ከሰደፉ ጌጥ በፊት የአፈሙዙን ስፋት ይለካ፤ የዚያን ዘመን ጭንቀትና ብልሃት የሚነግረው እርሱ ነው።