ዶክተር አርማወር ሐንሰን

ሐንሰን በ1841 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ተወለደ። ያኔ ሥጋ ደዌ በዘር ይወረሳል ይባል ነበር፤ አለቃውና አማቱ ዶክተር ዳንየልሰንም ይህንኑ ያምን ነበር። ሐንሰን ግን በ1873 ጀርሙን ከሕመምተኞች እባጭ ውስጥ አገኘው። በ1879 አንዲት ሕመምተኛን ሳያስፈቅድ ጀርሙን ዓይኗ ላይ በመሞከሩ ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ተነሣ። በ1912 ሞተ።

በ1970 በስሙ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የምርምር ተቋም ካጠናቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ የሰውነታችን ዘበኛ ሴሎች ይህን ጀርም ለምን ዝም ይሉታል የሚል ነው። ጀርሙ ሰም የመሰለ ግድግዳ አለው። የአብዛኛው ሰው ዘበኞች ይህን ለይተው ያጠቁታል፤ የጥቂቶች ግን ይለምዱታል፣ ጀርሙም እዚያው ሴሉ ውስጥ ይራባል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ነገ ጀውሃም ሆነ ሌላ ቦታ ስናስተምር የሕመምተኛ ልጅ ተለይቶ አይቀመጥ። በሽታው የዘር አይደለም፤ በመድኃኒትም ይድናል።