ቻርልስ ኔልሰንና የተዘጋው ፋብሪካ

የታወቁ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ብዕሩን የሚያነሣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ንጉሥን፥ የጦር አለቃን ወይም ጳጳስን ይመርጣል። እኛ ግን ለዛሬ የመረጥነው ቻርልስ ኔልሰን የተባለውን የዊስኪ ጠማቂ ነው። ምርጫችን ከጓደኞቻችን አንዳንዱን ፈገግ፥ አንዳንዱንም ቅር እንደሚያሰኝ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ይህ ሰው በዘመኑ በአሜሪካ፥ በቴኔሲ ግዛት፥ ስሙ የገነነ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ሥራው በሕግ ተዘጋ፤ ዝናውም በገዛ ዘሮቹ ዘንድ እንኳ ተረት ሆኖ ቀረ፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ተመልሶ ተነሣ። ጣና ዳር ተቀምጠን የምንማር እኛ ይህን ታሪክ የምናነሣበት ምክንያት አለን፤ እርሱንም ከፍጻሜው እንገልጻለን።

ቻርልስ ኔልሰን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በጁላይ 4 ቀን 1835 ዓ. ም. በሰሜን ጀርመን በሐገኖ ከተማ ተወለደ። ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። አባቱ የሳሙናና የሻማ ሥራ ነበረው። በ1850 ዓ. ም. አባትዮው ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቆርጦ ያለውን ሁሉ ሸጠ፤ ገንዘቡንም በወርቅ ለወጠና በልብሱ ውስጥ አሰፋው። ቤተሰቡም ሄሌና ስሎማን በምትባል የእንፋሎት መርከብ ተሳፈረ።

በመንገድ ላይ ብርቱ ማዕበል ተነሣ። መርከቢቱ ተሰበረች፤ ሌላ መርከብ ደርሳ ብዙዎቹን ተሳፋሪዎች ስታድን የቻርልስ አባት ግን ከባሕር ወደቀ። ለልጆቹ ብሎ የተሸከመው ወርቅ ክብደት ሆኖ ወደ ታች ወሰደው። እናትና ልጆች ኒው ዮርክ የደረሱት ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም ሳይኖራቸው ነበር። ቻርልስ በዚያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን የቤቱ አባወራ ሆነ።

ኒው ዮርክ ላይ ከአባቱ ያየውን ሳሙናና ሻማ መሥራት ያዘ። 17 ዓመት ሲሆነው ወደ ሲንሲናቲ ሄዶ ሥጋ ሻጭ ሆነ። ስለ ዊስኪ አሠራርና ንግድ መጀመሪያ የተማረው በዚያ ከሥራ ባልደረቦቹ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ናሽቪል ገብቶ የምግብ ሸቀጥ መደብር ከፈተ። ከሚሸጣቸው ዕቃዎች ሦስቱ፥ ማለት ቡና፥ ሥጋና ዊስኪ፥ ዋነኞቹ ነበሩ። ከሦስቱም ዊስኪው ገበያውን እየመራ ስለሄደ፥ ከሌላ ሰው ገዝቶ ማቅረቡ አልበቃ አለው። ስለዚህ በ1870 ዓ. ም. ከናሽቪል በስተሰሜን በግሪንብራየር መንደር የነበረውን የዊስኪ ፋብሪካ ራሱ ገዛው።

የዊስኪ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በጎጃም ዳጉሳና ብቅል ከጌሾ ጋር ተደፍድፎ፥ ሲብላላ በእሳት ተጥዶ፥ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ሲመታ ጠብ ጠብ ብሎ የሚወርደው አረቄ ነው። ዳግም የምንለው ሁለተኛ ሲወጣ ነው። የቴኔሲም ዊስኪ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ጌሾ የለውም፤ እህሉ አብዛኛው በቆሎ ነው፤ ኔልሰን ደግሞ ብዙዎች አጃ መሰሉን ራይ ሲጨምሩ እርሱ ስንዴ ይጨምር ነበር። ከወጣ በኋላ በእንጨት ከሰል ውስጥ ቀስ ብሎ ይጣራል፤ ከዚያም ውስጡ በእሳት በተለበለበ የኦክ ዛፍ በርሜል ዓመታት ያህል ይተኛል። ቀለሙንና ሽታውን የሚሰጠው በርሜሉ ነው። እንግዲህ የእኛ እናቶች ጥበብና የእርሱ ጥበብ አንድ ነው፤ የሚለየው በርሜሉ፥ ጊዜውና በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስም ነው።

ኔልሰን ይህን የስም ነገር በሚገባ ያወቀ ነጋዴ ነበር። ፋብሪካውን አስፋፋ፤ የማከማቻ ቤቶች ሠራ፤ መጠጡንም በበርሜል ብቻ ሳይሆን በጠርሙስ አሽጎ በልዩ ልዩ ምልክት ሸጠ። በ1885 ዓ. ም. ፋብሪካው ወደ 380,000 ጋሎን ገደማ፥ ማለት ከ1,400,000 ሊትር በላይ፥ ሸጧል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ጃክ ዳንኤል በዚያው ግዛት ይሠራ የነበረ ቢሆንም፥ በዚያን ዘመን ከኔልሰን እጅግ ያነሰ ነበር። በባሕር ላይ ባዶ እጁን የቀረው ልጅ የናሽቪል ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ፤ የገንዘብ ድርጅትም መራ።

በዲሴምበር 13 ቀን 1891 ዓ. ም. በ56 ዓመቱ ሞተ። ሥራውን የተረከበችው ባለቤቱ ሉዊዛ ናት። የአሜሪካ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ዓ. ም. መሆኑን ስናስታውስ፥ ይህች ሴት በወንዶች ንግድ መካከል ታላቅ ፋብሪካን አሥራ ስምንት ዓመት ያህል መምራቷ ቀላል ነገር አይደለም። የባሏን ስም ያቆየችው እርስዋ ናት።

ነገር ግን ዘመኑ ተለውጦ ነበር። መጠጥ ይከልከል የሚለው እንቅስቃሴ በመላው አሜሪካ በርትቶ ነበር። ይህንን እንቅስቃሴ በሞኝነት መቁጠር አይገባም። ባሎቻቸው ደመወዛቸውን በመጠጥ ቤት ጨርሰው ባዶ እጃቸውን የሚገቡባቸው ብዙ ሚስቶች ከፊተኞቹ ታጋዮች መካከል ነበሩ። በኖቬምበር 1908 ዓ. ም. የእገዳው ደጋፊ የነበረው የቀድሞው ሴናተር ኤድዋርድ ካርማክ በናሽቪል ጎዳና ላይ በጥይት ተገደለ። የሕዝቡ ቁጣ ነደደ፤ ጥቂት ወራት ሳያልፉም በ1909 ዓ. ም. የቴኔሲ ምክር ቤት የክልከላውን ሕግ አወጣ። የሉዊዛ ኔልሰን ፋብሪካ በዚያው ዓመት ተዘጋ። የመላው አገር እገዳ ከዚያ በኋላ በ1920 ዓ. ም. መጥቶ በ1933 ዓ. ም. ተነሣ። በቴኔሲ ግን ሕጉ ከተነሣም በኋላ ዊስኪ ማውጣት ለረጅም ጊዜ በጥቂት አውራጃዎች ብቻ የተወሰነ ሆነ። ሌሎች ሲከፍቱ የኔልሰን ቤት እንደተዘጋ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዝምታ ነው። ልጅ ለልጅ ልጅ፥ አንድ አያታችን ዊስኪ ይሠራ ነበር ሲሉ ይነጋገሩ ነበር እንጂ፥ ምን ያህል፥ የትና እንዴት እንደነበር የሚያውቅ ጠፋ። በ2006 ዓ. ም. የቤተሰቡ አባት ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ከብት ተካፍሎ ገዛ፤ እኛ ቅርጫ የምንለውን ማለት ነው። ሥጋውን ለማምጣት ከሁለቱ ልጆቹ፥ ከአንዲና ከቻርሊ ኔልሰን ጋር ሲሄድ፥ ሥጋ ቤቱ የነበረው በግሪንብራየር ነበር። በዚያም ስለ ፋብሪካው የሚናገር የታሪክ ሰሌዳ ቆሞ አገኙ፤ ከአሮጌዎቹ ማከማቻዎች አንዱም ቆሟል፤ ምንጩም ይፈስሳል። የመንደሩ የታሪክ ማኅበር ደግሞ የቀድሞ ስማቸው ያለባቸውን ሁለት ጠርሙሶች ጠብቆ አቆይቶ ነበር። ወጣቶቹ ወንድማማቾች ስማቸውን በጠርሙስ ላይ ባዩ ጊዜ የሥራቸው መንገድ ተወሰነ።

መነሣቱ ግን ከመዝጋቱ ይልቅ ብዙ ደከመ። ሕጉ ራሱ የተለወጠው በ2009 ዓ. ም. ነው፤ ያን ጊዜ በብዙ አውራጃዎች ማውጣት ተፈቀደ። ወንድማማቾቹ ከአያታቸው ምልክቶች አንዱን ቤል ሚድ የተባለውን በ2012 ዓ. ም. አወጡ፤ መጠጡ ግን ከሌላ ፋብሪካ የተገዛ ነበር። በ2014 ዓ. ም. በናሽቪል በአሮጌ የመኪና ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ የራሳቸውን ከፈቱ። የአያታቸው የቴኔሲ ዊስኪ እንደገና ለገበያ የቀረበው በ2019 ዓ. ም. ነው፤ በዚያው ዓመትም አንድ ትልቅ የመጠጥ ኩባንያ ከድርሻው የሚበዛውን ገዛ። ስለዚህ ስሙ ተመለሰ፤ ባለቤትነቱ ግን እንደ ቀድሞው የቤተሰቡ ብቻ አልሆነም።

እንግዲህ የጀመርነውን እንፈጽም። ከዚህ ሕይወት የምናተርፈው የዊስኪ ምስጋና አይደለም፤ መጠጥ ያፈረሰውን ቤት ሁላችንም እናውቃለን። የምናተርፈው ሌላ ነው። ሕግ አንድን ቤት በአንድ ጠዋት ሊዘጋ ይችላል፤ ሕጉም ሲነሣ ጥበቡ በራሱ አይመለስም። የኔልሰን ስም የተመለሰው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ጥቂት ቃል፥ በመንደር ሰዎች የተጠበቁ ሁለት ጠርሙሶችና አንድ አሮጌ ቤት ስለነበሩ ነው። እነዚያ ባይኖሩ ወንድማማቾቹ ሥጋቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው በተመለሱ ነበር።

በጣና ዙሪያ ያለው ጥበብ ግን ሰሌዳ የለውም። ከዘጌ በሚመጣ ጌሾ ጠላና አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች አሉ፤ ከእነዚህ ልጆች ጥቂቶቹ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። የእናቶቹ ስም በየትኛው ጠርሙስ ላይ ተለጥፏል? የድፍድፋቸው መጠን፥ የጋናቸው አሠራር፥ የእሳታቸው ልክ በየትኛው መዝገብ ገብቷል? የአረቄ ሥራ ነገ ቢከለከል፥ ወይም ከፋብሪካ በሚመጣ ርካሽ አልኮል ተሸንፎ ቢቀር፥ ከነገ ወዲያ ማን ምን አይቶ ይመልሰዋል? የጥበብ ተማሪዎች ነን ስንል ሥራችን ይህ ነው። በክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ ደብተርና እርሳስ እንያዝ፤ የምንጠይቃቸው ገና በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ፤ የሰማነውንም በስማቸው እንጻፍ።