እርሳስን ከቤንዚን ጋር ያዋሐደው ሰው

ቶማስ ሚጅሊ እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ተወለደ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተማረው የማሽን ምህንድስና ቢሆንም ስሙን ያስጠራው በኬሚስትሪ ነው።

በጄኔራል ሞተርስ ሲሠራ አንድ ችግር ተሰጠው። የዚያ ዘመን የመኪና ሞተር ዳገት ላይ ያንኳኳና ይደክም ነበር። ሚጅሊ ብዙ ነገር ሞክሮ በ1921 መጨረሻ መላውን አገኘ፤ ጥቂት የእርሳስ ውህድ ቤንዚን ውስጥ መጨመር። ውህዱ በ1923 ለገበያ ሲቀርብ ስሙ «ኤትል» ተባለ። እርሳስ የሚለው ቃል አልተነሣም።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሚጅሊ ራሱ በዚያው ዓመት መግቢያ በእርሳስ ታሞ ወደ ፍሎሪዳ ለማገገም ሄዶ ነበር። በጥቅምት 1924 ደግሞ በኒው ጀርዚ ውህዱን ሲሠሩ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ አእምሯቸውን ስተው ሞቱ። ሚጅሊ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ፈሳሹን እጁ ላይ አፈሰሰ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህልም አሸተተው። በራሱ አካል ያየውን ሰው ሁሉ እንዳይፈራ ማድረጉ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዶክተር አሊስ ሃሚልተን የተባሉ የሠራተኞች ጤና ሐኪም ተቃወሙ፤ ሰሚ ግን አላገኙም።

በ1940 ሚጅሊ ፖሊዮ ያዘው። ከአልጋ የሚያነሣው የገመድ መሣሪያ ለራሱ ሠራ፤ በ1944 በዚያው ገመድ ታንቆ ተገኘ። ዕድሜው 55 ነበር።

ውህዱ ግን አልሞተም። ከመኪና ቤንዚን በዓለም ሙሉ የወጣው በ2021 ነው፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የላምባ ዘመድ የሆነ ነዳጅ ስለሚያቃጥሉ እርሳስ የለባቸውም። የትንንሾቹ ቤንዚን ግን በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ከመነሣታቸው በፊት ሞተራቸውን አስነሥተው በሚፈትሹበት ቦታ ጭሱ ጎልቶ ይወጣል፣ እርሳሱም ብናኝ ሆኖ አፈር ላይ ያርፋል። እርሳስ አይበሰብስም፤ ከላይኛው አፈር ላይ ለዓመታት ይቆያል፤ አፈር የነካ የሕፃን እጅ ደግሞ ወደ አፍ ይሄዳል።

በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ባለው ሪድ ሂልቪው የተባለ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ደም ውስጥ የእርሳስ መጠን ከፍ ብሎ መገኘቱን በ2021 የወጣ ጥናት አሳየ። አስተዳደሩ ከጥር 2022 ጀምሮ እርሳስ ያለበትን ነዳጅ መሸጥ አቆመ። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ለማስቀረት የታቀደው እስከ 2030 መጨረሻ ነው።