እሳትን በልክ ያሳደረ ሊቅ፤ ሮበርት ቡንሰን

እሳት ማንደድ የሁሉም ሙያ ነው። እሳት ለምን እንደሚጨስ፤ ለምን እንደሚያባክን፤ ለምንስ እንደሚገድል መርምሮ መድኃኒቱን ያገኘ ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ቡንሰን ነው።

ቡንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1811 ዓ. ም. ጌቲንገን በምትባለው ከተማ ተወለደ። አባቱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ስለ ነበረ ልጁ በመጻሕፍት መካከል አደገ፤ በ1831 ዓ. ም. የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከአንድ ሐኪም ጋር ሆኖ የአርሴኒክ መርዝ ማርከሻ አገኘ። ይኸው መርዝ ግን ሳይበቀለው አልቀረም። አርሴኒክ ያለበትን ውሕድ ሲመረምር ዕቃው ፈንድቶ ቀኝ ዓይኑን አጠፋው፤ በመርዙም ታሞ ከሞት አፋፍ ደረሰ። በተረፈችው አንድ ዓይኑ ምርምሩን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ብረት ማቅለጫ ምድጃዎች መለሰ። ሌሎች ከምድጃው በታች የሚወርደውን ብረት ሲመለከቱ፤ እርሱ ከአናቱ የሚወጣውን ጋዝ እየቀዳ መዘነው። በጀርመን ምድጃዎች ከሙቀቱ ከግማሽ በላይ፤ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከመቶው ከ80 የሚበልጠው እጅ ወደ ሰማይ በንኖ ይጠፋ እንደ ነበር አረጋገጠ። የሚወጣው ጋዝ ገና ሊነድ የሚችል ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበረበትና፤ መልሶ ለማገዶ ማዋል እንደሚቻል አስተማረ። የጋዝ መለኪያ ዘዴውንም በ1857 ዓ. ም. በመጽሐፍ አሳተመ።

ቡንሰን በ1852 ዓ. ም. ወደ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ ከተማይቱ በቧንቧ የሚመጣ የመብራት ጋዝ ታስገባ ነበር። ነገር ግን ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ዕቃውን በጥላሸት ያጠቁር ነበር፤ ሙቀቱም ለሥራ አይበቃም። በ1855 ዓ. ም. ገደማ ቡንሰን የሐሳቡን ንድፍ ሰጥቶ፤ የዩኒቨርሲቲው መካኒክ ፔተር ዴሳጋ ሠራው። ቀደም ሲል ሌሎችም ሞክረውት ነበር፤ የሠመረው ግን ይህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲወጣ በጎኑ ካለው መስኮት አየር ስቦ ይገባል። ሁለቱ በቧንቧው ውስጥ ይቀላቀሉና በአፉ ላይ ይነዳሉ። መስኮቱ ከተዘጋ ጋዙ በሚገባ አይቃጠልም፤ የከሰሉ ብናኝ እየጋለ ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። መስኮቱ በልክ ሲከፈት ነበልባሉ ሰማያዊ፤ ንጹሕና እጅግ የጋለ ይሆናል። አየሩ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ እሳቱ ከአፉ ይነሣል፤ ወይም ወደ ቧንቧው ውስጥ ይመለሳል።

ዛሬ በቀዝቃዛ አገሮች ቤትን የሚያሞቀው የጋዝ ምድጃ የሚፈተሸው በዚሁ ትምህርት ነው። ባለሙያው የጋዙን ግፊት ይለካል፤ የነበልባሉን መልክ ይመለከታል፤ በጭስ ማውጫው መሣሪያ አስገብቶ ኦክሲጅኑንና ካርቦን ሞኖክሳይዱን ይመረምራል፤ ከዚያም ግፊቱን ወይም አየሩን ያርማል። በየወጥ ቤታችን ያለው ቡታጋዝም ቢጫ ነበልባል አውጥቶ ድስት ሲያጠቁር የአየር ያለህ ማለቱ ነው።

የነበልባሉ ንጽሕና ሌላም በረከት አመጣ። ቀለም የሌለው እሳት የሌላውን ቀለም አይሸፍንምና ቡንሰንና ጓደኛው ኪርኮፍ በእሳቱ ውስጥ ማዕድናትን እያሳዩ ብርሃናቸውን በብርጭቆ ተነተኑ። በ1860 ዓ. ም. ሴዚየምን፤ በ1861 ዓ. ም. ሩቢዲየምን ለዓለም አስታወቁ።

ቡንሰን በምድጃው የባለቤትነት መብት አልያዘበትም፤ ማንም ሠርቶ እንዲሸጠው ተወው። ትዳር ሳይዝ በማስተማር ኖሮ በ1899 ዓ. ም. በ88 ዓመቱ ሃይደልበርግ ውስጥ ዐረፈ።

ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ከከሰል ምድጃ ተነሥቶ የተኙትን ሳያነቃ ይገድላል። እሳት አየር ሲያጣ ማገዶ ከማባከኑ በላይ ሰውም ያጠፋል። ስለዚህ የቡንሰን ትምህርት ለሊቃውንት ብቻ የተተወ አይደለም፤ ማታ ከሰሉን ከቤት አውጥታ በር የምትዘጋ እናትም ሥራ ላይ ታውለዋለች።